በፀሐይ ኃይል ለዓሣ ኩሬ አየር ማስገባት፦ ከሜጫ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥር፦ ኩሬው እና ስሌቱ

ኩሬው ከመራዊ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በቀይ አፈር ላይ የተቆፈረ ነው። ላዩ 12 በ12 ሜትር፣ ወለሉ 9 በ9 ሜትር ነው። ጥልቀቱ በውሃ መግቢያው በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ በመውጫው በኩል 1 ሜትር ከ20 ሲሆን ከ100 ሜትር ኩብ ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ይይዛል። 300 የቀረሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩቶች ተለቀውበታል። መኖው የኑግ ፋጉሎ እና ፉርሽካ ነው፤ ውሃው አረንጓዴ እንዲሆን ደግሞ ጥቂት ፍግ ይጨመርበታል። የመብራት መስመር እስከ ኩሬው አይደርስም፤ ስለዚህ ወደ ውሃው አየር የሚነፋው ፓምፕ በፀሐይ ፓኔልና በባትሪ እንዲሠራ ታሰበ።

የኩሬ ኦክስጅን የሚሞላው በቀን ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ረቂቅ ዕፅዋት ፀሐይ እስካለች ድረስ ኦክስጅን ይሠራሉ፤ ሲመሽ ግን እነሱም እንደ ዓሣው፣ እንደ ጭቃው ባክቴሪያ ሁሉ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ ሌሊቱን ሙሉ እየወረደ ሄዶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መጨረሻው ዝቅታ ላይ ይደርሳል። ዓሣ አፉን ከውሃው ገጽ እያወጣ ሲያለከልክ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው። ቀረሶ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ካገኘ በደንብ ይበላል፣ ያድጋል። ከ1 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ግን ጭንቅ ውስጥ ይገባል፤ ይህ በየማለዳው ከተደጋገመ ባይሞትም አያድግም።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በመራዊ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው ወደ 7.2 ነው። ውሃው በሚያዝያና በግንቦት ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋ 6.6 አካባቢ ይደርሳል። ከውጭ የመጣ መመሪያ ላይ ያለን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ጎጃም ላይ መሥራት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የፀሐይ ኃይል ችግሩ ግልጽ ነው። ፓኔሉ የሚሠራው ኩሬው ኦክስጅን በተትረፈረፈው ሰዓት ነው፤ ዓሣው የሚፈልገው ደግሞ ፓኔሉ በተኛበት ሰዓት። ባትሪ ሳይኖር ፓምፑን በቀጥታ ከፓኔሉ ማገናኘት ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ ላዩ ውሃ ከመጠን በላይ ኦክስጅን ይዞ ሳለ አየር መንፋት ትርፉን ኦክስጅን ወደ ሰማይ ማስወጣት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ ዋጋው አይቀመስም። መፍትሔው ሰዓቱን መምረጥ ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት ተኩል በባትሪ፣ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ደግሞ በፓኔሉ። የቀኑ ሥራ ዓላማው አየር ማስገባት ሳይሆን ማማሰል ነው፤ በኦክስጅን የበለጸገውን የላይኛውን ውሃ ወደ ታች አውርዶ የወለሉን ጭቃ ቀን በቀን ማጥገብ። ጭቃው ቀን ከጠገበ ሌሊት የሚሻማው ያንሳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የመረጥነው ፓምፕ በ12 ቮልት 36 ዋት (3 አምፔር) ይጠቀማል፤ በደቂቃ 40 ሊትር አየር ይሰጣል ብለን ተነስተናል። በሰዓት 2.4 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው፤ በዚህ ከፍታ በውስጡ ወደ 530 ግራም ኦክስጅን አለ። ግን አረፋው አንድ ሜትር ለመውጣት የሚፈጅበት 4 ሰከንድ ያህል ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ነው፤ በሰዓት 12 ግራም ገደማ። 300 ዓሣ በአማካይ 200 ግራም ሲደርስ 60 ኪሎ ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ዓሣ ሌሊት በሰዓት 0.2 ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስዳል። ይህም 12 ግራም ነው። ፓምፑ የዓሣውን ፍጆታ ይሸፍናል ማለት ነው።

የውሃውንና የጭቃውን ፍጆታ ግን አይሸፍንም። 100 ሜትር ኩብ ውሃ በሰዓት 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቢያጣ እንኳ 20 ግራም ነው። ስለዚህ ይህን መሣሪያ ኩሬውን በሙሉ የሚያድስ አድርጎ ማሰብ አይገባም። የሚፈጥረው በኩሬው ውስጥ አንድ መሸሸጊያ ነው፤ ዓሦቹ ክፉውን ሰዓት እዚያ ተሰብስበው ያሳልፋሉ። በእበትና በዶሮ ኩስ የተጨናነቀን ኩሬ በ36 ዋት ማዳን አይቻልም።

የካቲት፦ ዕቃ መረጣ

ፓኔሉ 100 ዋት፣ ባለ 36 ሴል ነው። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ላይ የሥራ ቮልቴጁ 18 አካባቢ፣ አምፔሩ 5.5 አካባቢ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ 250 ዋት ትልቅ ፓኔል በዋት ሲሰላ ርካሽ ስለሆነ ይገዛና ከተራ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ) ጋር ይገናኛል። የዚያ ፓኔል ቮልቴጅ 30 ገደማ ነው፤ ተራው ኮንትሮለር ደግሞ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል። 8 አምፔር በ13 ቮልት ሲባዛ 104 ዋት ነው፤ ከግማሽ በላይ የተከፈለበት ኃይል የትም ሳይደርስ ይቀራል። ትልቅ ፓኔል የሚያዋጣው ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር የሚቀይር ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ካለ ብቻ ነው።

ከፓኔሉ የምንጠብቀው፦ በሐምሌና ነሐሴ ሙሉ አቅሙን የሚሰጥበት ጊዜ በቀን 4 ሰዓት ነው ብለን ያዝን። 400 ዋት ሰዓት ሆነ፤ ለሽቦ፣ ለአቧራ፣ ለኮንትሮለርና ለባትሪ ብክነት 35 በመቶ ስንቀንስ 260 ይቀራል። ፓምፑ በሌሊት 4 ሰዓት ተኩል ሠርቶ 162፣ በቀን 2 ሰዓት ሠርቶ 72፣ ጠቅላላ 234 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይበቃል፤ ትርፉ ግን ትንሽ ነው።

ባትሪው ባለ 65 አምፔር ሰዓት ጄል ነው። የአንድ ሌሊት ሥራ 13.5 አምፔር ሰዓት ስለሚወስድ ሳይሞላ ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ቢሠራ እንኳ ከግማሽ በታች አይወርድም። ከጋራዥ የሚገኝ ያገለገለ የመኪና ባትሪ በዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው። በየሌሊቱ ቀስ እያለ እስከ ግማሹ ሲራገፍ ሳህኖቹ ቶሎ ይረግፋሉ። ከሁሉም ዕቃ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ባትሪው ስለሆነ ቁጠባው ሰዓት በመቀነስ እንጂ ባትሪ በማሳነስ ወይም አሮጌ በመግዛት ባይሆን ይመረጣል።

ቀሪው ቀላል ነው። ባለ 10 አምፔር ኮንትሮለር፣ ባለ 12 ቮልት ዲጂታል ታይመር፣ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 25 ሚሊ ሜትር ጥቁር የውሃ ቱቦ፣ ሁለት ትናንሽ ቧንቧ መክፈቻ (ቫልቭ)፣ 32 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ 8 ቁጥር ፌሮ፣ የቱቦ ማሰሪያ ክላምፕ። ፓምፑ ራሱ የዲሲ (በባትሪ ኃይል በቀጥታ የሚሠራ) መሆን አለበት፤ የ220 ቮልት ፓምፕ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት በሚቀይር ዕቃ) ማሠራት ፓምፑ ሳይነሳ ከኃይሉ ላይ ይቀንሳል፣ የሚበላሽ ዕቃም አንድ ይጨምራል።

የካቲት መጨረሻ፦ አረፋ ማውጫው

ገበያ ላይ ያለው የአየር ድንጋይ ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነው፤ በቀይ አፈር ኩሬ ውስጥ ቀዳዳው በደለልና በአልጌ ይደፈናል። ቧንቧ በ1 ሚሊ ሜትር ድሪል መብሳት ደግሞ አይደፈንም፤ ግን አረፋው ትልልቅ ስለሚሆን ሳይሟሟ ሽው ብሎ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ጥሩ ሆኖ ያገኘነው የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቧንቧ ላይ ማልበስ ነው።

32 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ በ80 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ አንድ ጫፉ በክዳን ይዘጋል፣ በሌላው አየር ይገባል። በአንድ ጎኑ ብቻ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ፣ በ5 ሚሊ ሜትር ድሪል ይበሳል። የቀዳዳው ዙሪያ በአሸዋ ወረቀት ካልለሰለሰ ጎማውን ይቀደዋል። ከዚያ የውስጥ ጎማው መንፊያው ባለበት ቦታ ተቆርጦ ይወጣና ቧንቧው ላይ እንደ ካልሲ ይጠለቃል። ጠበብ ስለሚል የሳሙና ውሃ ያስፈልጋል፤ ዘይትና ግራሶ ጎማ ስለሚያበላሹ አይነኩትም። ሁለቱ ጫፎች በክላምፕ ይጠብቃሉ።

አሁን ጎማው በመርፌ ይበሳል፤ ቀዳዳው በየ1 ሳንቲ ሜትሩ፣ ግን ቧንቧው ከተበሳበት በተቃራኒ ጎን ብቻ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቧንቧው ቀዳዳ ወደ ታች፣ የጎማው ቀዳዳ ወደ ላይ ሆኖ ሲቀመጥ አየሩ በቧንቧውና በጎማው መካከል ዞሮ፣ ጎማውን ጥቂት ወጥሮ፣ በመርፌ ቀዳዳዎቹ ይወጣል። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ግፊት ጎማውን መልሶ ቧንቧው ላይ ይለጥፈዋል፤ ቀዳዳዎቹም ይከደናሉ፤ ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ አይገባም። ሁለቱም በአንድ ጎን ከተበሱ ይህ መዝጊያ አይኖርም፤ ቧንቧው ፓምፑ በቆመ ቁጥር ደለል እየጠጣ ይከርማል። ቀዳዳው በትልቅ መርፌ ወይም በሚስማር ከተበሳም ጎማው ተመልሶ አይዘጋም፤ ቀጭን የልብስ መርፌ ነው የሚያስፈልገው።

እንዲህ ያሉ ሁለት ቧንቧዎች ተሠርተው ከፌሮ በተበየደ አራት እግር ባለው ፍሬም ላይ ታሰሩ። እግሩ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አረፋ ማውጫው ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ጭቃውን ያነሳል፣ ውሃው ቡና ይመስላል። ቧንቧው በአየር ሲሞላ ስለሚንሳፈፍ ፍሬሙ ላይ ድንጋይ መታሰር አለበት። ሁለቱ ቧንቧዎች እኩል ጥልቀት ላይ መተኛታቸው በውሃ ልክ ይረጋገጣል። አንዱ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ አየሩ በሙሉ በቀላሉ ወደሚወጣበት ይሄድና ሌላው ዝም ይላል። ቫልቮቹ ለትንሽ ልዩነት ማስተካከያ ናቸው፤ ዘንበል ያለ ፍሬምን አያቃኑም።

መጋቢት፦ ተከላ

ፓምፑ፣ ባትሪውና ኮንትሮለሩ በአንድ የላሜራ ሣጥን ውስጥ፣ ከኩሬው ዳር 3 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከከፍተኛው የውሃ ልክ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ተቀመጡ። ከፍታው የግድ ነው፤ ፓምፑ ከውሃው ልክ በታች ከሆነ በቆመ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑን ይሞላዋል። ርቀት ካለ ደግሞ በሽቦ ኤሌክትሪክ ከመላክ በቱቦ አየር መላክ ይሻላል። 3 አምፔር በ1.5 ካሬ ሽቦ 15 ሜትር ርቆ ሲሄድ ወደ 1 ቮልት ይጠፋል፤ ፓምፑ የሚያገኘው 11 ቮልት ብቻ ይሆናል፣ አየሩም ይቀንሳል።

ሣጥኑ በላሜራ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፓምፑ ስለሚሞቅ ባትሪው አጠገቡ አይቀመጥም። የአየር መግቢያው ከሣጥኑ ውጭ ስፖንጅ ለብሶ ወደ ታች የዞረ ቧንቧ ነው። ከፓምፑ የሚወጣው አየር ሙቅ ስለሆነ የመጀመሪያው አንድ ሜትር ብረት ቧንቧ ነው፤ ፕላስቲክ ቱቦ በቀጥታ ሲገጠም ለስልሶ ከክላምፑ ይወጣል።

ፓኔሉ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ 10 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ ተተከለ፤ በአንድ ሜትር ርዝመት 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። የበለጠ ማዘንበል በበጋ ይጠቅማል፣ በጋ ግን ችግር የለብንም። ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ፀሐይ ጎጃም ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ብርሃኑም ከደመናው ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ ጠፍጣፋ የተኛ ፓኔል የተሻለ ይይዛል። 10 ዲግሪውም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲሄድ ነው። ጥላን በተመለከተ ምሕረት የለም፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ጥቂቶቹ ላይ ሲያርፍ የፓኔሉን ትልቅ ድርሻ ያጠፋል።

ሽቦ ሲገናኝ መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ ጭነቱ፣ ማለትም ፓምፑ፣ ነው፤ ሲፈታ በተገላቢጦሽ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይገባል። ኮንትሮለሩ ከፋብሪካ ሲመጣ ባትሪው 10.7 ቮልት እስኪደርስ ድረስ ጭነቱን ላያቋርጥ ይችላል፤ ያ ባትሪ መግደል ነው። ወደ 11.9 ከፍ ተደርጓል።

ታይመሩ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ኮንትሮለሩ የራሱ የሰዓት ማስተካከያ አለው፤ ግን ለመንገድ መብራት የተሠራ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ለእኛ የማይሆን ሰዓት ነው፤ ኃይሉን ገና በምሽት ጨርሶ ንጋት ላይ ባዶ እጁን ያስቀራል። ዲጂታል ታይመሩ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት እሱ ላይ 02:00፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል 06:30፣ ቀን 6 ሰዓት 12:00፣ ቀን 8 ሰዓት 14:00 ነው። 08:00 ብሎ የሞላ ሰው ፓምፑ ከጧቱ 2 ሰዓት ይነሳበታል፤ ዓሣው ካለከለከ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ተጽፎ ተለጥፏል።

መጋቢት መጨረሻ፦ መለኪያ እና ማስጀመር

የግፊት መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። 4 ሜትር ግልጽ ቀጭን ቱቦ በዩ ቅርጽ ሁለት ሜትር ቁመት ባለው ሳንቃ ላይ ይቸነከርና እስከ ግማሹ በውሃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ በፓምፑና በቫልቮቹ መካከል ይገጠማል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል። ፓምፑ ሲነሳ በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት በሳንቲ ሜትር ይነበባል። አረፋ ማውጫው 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ንባቡ 125 ሆነ። ልዩነቱ፣ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ጎማውን ለመክፈትና በቱቦው ውስጥ ለማለፍ የሚወጣው ነው። ንባቡ ወደ 160 ሲወጣ ጎማው በአልጌ መሸፈኑን ያሳያል፤ ወጥቶ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ከ90 ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጎማው ተቀዷል ወይም ቱቦ ወልቋል። ይህ ሳንቃ የፓምፑን ጤና በአንድ እይታ ይናገራል፤ ከሁሉም ዕቃ የምንወደው እሱን ነው።

የአየሩ መጠን የሚለካው በጀሪካን ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በውሃ ተሞልቶ በኩሬው ውስጥ ይገለበጣል፤ ከአረፋ ማውጫው የተፈታው ቱቦ ጫፍ በአፉ ይገባል፤ ቫልቩ ሳንቃው 125 እስኪያሳይ ድረስ ይጠበባል። ጀሪካኑ በ30 ሰከንድ በአየር ከሞላ 40 ሊትር በደቂቃ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምንም ግፊት በሌለበት የተለካ ስለሆነ ከጀሪካኑ መብለጡ አይቀርም፤ መታመን ያለበት ጀሪካኑ ነው።

ቆይቶ የከረመ ኩሬ ላይ ፓምፑን በመጀመሪያው ቀን ለሙሉ ሰዓት መክፈት አደጋ አለው። ወለሉ ላይ የተኛው ኦክስጅን አልባ ውሃ፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ጭምር ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ይነሳና ዓሣውን ይጨርሳል። ማስጀመሪያው በቀን ብርሃን፣ በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 30፣ በሦስተኛው አንድ ሰዓት፣ እንዲህ በየቀኑ እጥፍ እያደረጉ ነው። የሌሊቱ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ግንቦት

ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ መሣሪያው ሳይደናቀፍ ይሠራል። ማለዳ ላይ ዓሣው በአረፋው ዙሪያ ተሰብስቦ ይታያል፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ቧንቧዎች ተራርቀው ሳይሆን ጎን ለጎን የተቀመጡት። ኦክስጅን መለኪያ ለሌለው ሰው የሚበጀው ምልክት፦ ዓሣው ላዩ ላይ ሆኖ ሰው ሲቀርብ ብን ብሎ ከጠለቀ ነገሩ ገና ነው፤ ሰው ቀርቦም ካልሸሸ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፣ መኖ ይቆማል፣ ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እየተንፏፏ እንዲገባ ይደረጋል። ሞት ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞቱት ትልልቆቹ ከሆኑ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ትንሽ ትልቅ ሳይለይ በአንድ ጊዜ ካለቁ ከማሳ የገባ መርዝ መጠርጠር አለበት።

የውሃው አረንጓዴነት የሚለካው ክንድን በማጥለቅ ነው። እጅ እስከ ክርን ገብቶ መዳፍ ገና እየታየ ከሆነ ፍግ ይጨመራል፤ የእጅ አንጓ ሳይጠልቅ መዳፍ ከጠፋ አረንጓዴነቱ በዝቷል፣ ፍግ ይቆማል።

የአየር መግቢያው ስፖንጅ በደረቁ ወራት በአቧራ ስለሚጠቀጠቅ በየሳምንቱ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። የባትሪው ጫፎች ላይ ቫዝሊን ተቀብቷል።

ሐምሌ እና ነሐሴ

ክረምቱ ሁለት በትር ይዞ ይመጣል። ደመናው ፓኔሉን ሲያዳክም ረቂቅ ዕፅዋቱንም ያዳክማል፤ ኩሬው ኦክስጅን ባልሠራበት ቀን ማግሥት ባትሪውም ጎዶሎ ነው። በላዩ ላይ ጎርፍ ቀይ አፈር ይዞ ከገባ ብርሃን ከነጭራሹ ወደ ውሃው አይገባም። ብርድ ዝናብ በድንገት ላዩን ውሃ ሲያቀዘቅዘው ደግሞ ከብዶ ይሰምጥና የታችኛውን መጥፎ ውሃ ይገለብጣል።

ለዚህ የተደረገው፦ ፀሐይ ባልታየችበት ቀን የቀኑ የ2 ሰዓት ሥራ ይሰረዛል። ማማሰል ትርጉም ያለው ላዩ ውሃ ኦክስጅን ሲኖረው ነው፤ በጨለማ ቀን የሚያወርደው ነገር የለም፣ ለሌሊት የሚያስፈልገውን ኃይል ግን ይበላል። ጭነት ከተነሳ በኋላ ማለዳ ላይ ባትሪው 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፤ ከዚያ በታች ከሆነ የሌሊቱ መነሻ ከ8 ወደ 10 ሰዓት ይገፋል። መጨረሻው ግን አይነካም፤ ክፉው ሰዓት ንጋት ነውና። ፍግ በሙሉ ቆሟል፣ መኖ በግማሽ ቀንሷል፣ የተረፈ ፋጉሎ ወለል ላይ በስብሶ የሚበላው ኦክስጅን ከዓሣው አፍ የተነጠቀ ነው። በኩሬው ዙሪያ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሯል፤ በግድቡ ተዳፋት ላይ ሰርዶ ተተክሏል፣ ሰርዶው እስኪይዝ ድረስም ጭድ ተነስንሶበታል።

መብረቅ ስለሚበዛ የፓኔሉ ፍሬም በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ተያይዟል። ከባድ ነጎድጓድ ሲመጣ ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ መንቀል ይመከራል፤ በቅርብ ለወደቀ መብረቅ ዘንጉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

መስከረም፦ የሚቀጥለው ሥራ

ለሚመጣው ክረምት ባትሪ ከመጨመር 50 ዋት ፓኔል መጨመር ይቀድማል። ባትሪ ቢተልቅ በደመና ቀን የሚሞላው ነገር የለም፤ ፓኔል ሲጨመር ግን ደካማው ብርሃንም አንድ ተኩል እጥፍ ይሰበሰባል። አዲሱም ባለ 36 ሴል ሆኖ ከነባሩ ጋር ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይገናኛል። አምፔሩ 5.5 እና 2.8 ተደምሮ 8.3 ስለሚሆን ባለ 10 አምፔሩ ኮንትሮለር ይችለዋል። የውስጥ ጎማዎቹም በአዲስ ይለወጣሉ፤ የመርፌ ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ሲሄዱ አረፋው ይተልቃል፣ የሳንቃው ንባብም ከ125 ወደ 110 ወርዷል።